ጎርፍን ከማሳ ወደ ማሳ ማሻገር፤ በራያ ቆቦ ሜዳ የውሃው መስመርና የተራው ጉዳይ

ከቆቦ ከተማ በስተምዕራብ በተዘረጋው የተራራ ሰንሰለት ላይ ሰማዩ ሲጠቁርና ነጎድጓዱ ሲሰማ፣ በሜዳው ያለው ገበሬ አንድ ጠብታ ዝናብ ሳይነካው አካፋውንና ዶማውን አንሥቶ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ዝናቡ የጣለው በደጋው ነው፤ ሥራው ያለው ግን በቆላው ነው። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደረቅ ሆኖ የዋለው የወንዝ አሸዋ በቀይ ጎርፍ ይሞላል። ጎርፉ ሌሊት ከመጣ ሌሊት፣ በበዓል ቀን ከመጣ በበዓል ቀን ይጠለፋል። ያመለጠው ውሃ ወደ ምሥራቅ ወደ አፋር ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል እንጂ ተመልሶ አይመጣም።

የራያ ቆቦ ሜዳ በምዕራብ በደጋው ተራራ፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች መካከል የተኛ ለም መሬት መሆኑ ይታወቃል። አፈሩ ከተራራው እየታጠበ የመጣ ደለል በመሆኑ ማዳበሪያው ከውሃው ጋር አብሮ ይመጣል ማለት ይቻላል። ችግሩ ዝናቡ ነው። በዓመት በአማካይ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚጥለው ዝናብ በቁጥር ሲታይ ማሽላ ለማብቀል የሚያንስ አይደለም፤ ነገር ግን የበልጉ እምነት የሚጣልበት አይደለም፣ የክረምቱም ዘግይቶ ይገባና ቀድሞ ይወጣል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረሀብ በዚህ አካባቢ ምን እንዳደረገ የዕድሜ ባለጸጎች ያስታውሱታል። ስለዚህ የራያ ገበሬ ሁለት ዝናብ አለው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ አንዱ በራሱ ማሳ ላይ የሚጥለው፣ ሌላው በደጋው ጥሎ በሆርማት፣ በጎሊናና በሌሎቹ ወንዞች በኩል ተጠልፎ የሚመጣለት ነው።

ሁለተኛው ዝናብ የአንድ ሰው ንብረት ሊሆን አይችልም። ጎርፍን ብቻውን የሚጠልፍ አባወራ የለም፣ ቢኖርም ጎርፉ ይወስደዋል። ከወንዙ ዳር በድንጋይ፣ በአፈርና በቅርንጫፍ የሚሠራው ጉንድ ከአቅጣጫው ትንሽ ዘወር ብሎ ወደ ወንዙ ይገባና የጎርፉን ጥቂት ክፍል ወደ እናት ቦዩ ይመራል። ከእናት ቦዩ መለስተኛ ቦዮች ይወጣሉ፤ ከእነርሱም ወደየማሳው የሚገቡ ትንንሽ ቦዮች ይከፈላሉ። በማሳው ውስጥ ደግሞ ውሃው በእርከኑ ታግዶ፣ ማሽላው በበቀለበት ጊዜም በሽልሻሎው ፈር እየተመራ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። የላይኛው ማሳ ሲጠግብ እርከኑ ይከፈትና ውሃው ወደ ጎረቤቱ ይተላለፋል። በዚህ አኳኋን በአንድ እናት ቦይ ላይ በርካታ ቤተሰቦች እንደ ሰንሰለት ቀለበት ተያይዘው ይኖራሉ። አንዱ ቀለበት ሲላላ ጉዳቱ የሚታየው በእርሱ ማሳ ሳይሆን ከእርሱ በታች ባለው ማሳ መሆኑ የነገሩ አስቸጋሪነት ነው።

የአንድ ጎርፍ መጠን ምን ያህል ማሳ እንደሚያጠጣ አስቀድሞ ቢሰላ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር። ለምሳሌ ያህል በእናት ቦዩ በሴኮንድ 1 ሜትር ኩብ ውሃ ለ4 ሰዓት ገባ እንበል። ይህ 14,400 ሜትር ኩብ ይሆናል። በደረቅ ቦይ ሲጓዝ የሚሰርገውንና በየስንጥቁ የሚፈሰውን አንድ ሦስተኛ ብንቀንስ 9,600 ሜትር ኩብ ይቀራል። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ደለላማ አፈር ለሰብል የሚውል ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሜትር እርጥበት ሊይዝ ስለሚችል፣ አንድን ሄክታር በዝቅተኛው ልክ ለማጥገብ 1,500 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። እንግዲህ ያ ጎርፍ የሚያጠጣው ከ6 ሄክታር ተኩል የማይበልጥ መሬት ነው። የእያንዳንዱ አባወራ ማሳ ግማሽ ሄክታር ቢሆን ውሃው የሚደርሳቸው 12 አባወራዎች ናቸው። በቦዩ ላይ 60 አባወራዎች ካሉ ሁሉንም አንድ ጊዜ ብቻ ለማዳረስ እንዲህ ያለ ጎርፍ አምስት ጊዜ መምጣት አለበት።

ከዚህ ላይ ነው የተራው ጉዳይ የሚነሣው። ጎርፉ በመጣ ቁጥር ከላይ የሚጀመር ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 12 አባወራዎች አምስት ጊዜ ይጠጣሉ፣ የቀሩት 48ቱ ግን ከዝናቡ በቀር ሌላ አያዩም። ሁለት ጊዜ ለጠጣ ማሳ ሦስተኛው ውሃ የሚጨምረው ምርት ጥቂት ነው፤ አንድ ጊዜ ላልጠጣ ማሳ ግን ያው ውሃ አገዳው እሸት ይዞ በመድረቅና ባለመድረቅ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በሌላ በኩል ተራውን ሁልጊዜ ከታች መጀመር ይገባል የሚለውም ሐሳብ ከሜዳው ጠባይ ጋር አይሄድም። ትንሽ ጎርፍ በረጅምና በደረቅ ቦይ ወደ ታች ቢሰደድ መንገድ ላይ ሰርጎ ይቀራል፤ ከላይም ከታችም የሚጠቀም አይኖርም።

የተሻለው መንገድ በሌሎች የጎርፍ መስኖ አገሮች ተፈትኖ ይገኛል። በኤርትራ በሸዕብ ሜዳ ገበሬዎች በንዑስ ቡድን ተከፋፍለው ለየቡድኑ ተሽኪል የሚባል ኃላፊ አላቸው። በዚያ ያለው ልማድ ትንሽ ጎርፍ ለላይኞቹ ማሳዎች፣ ትልቅ ጎርፍ ለታችኞቹ እንዲሄድ ያደርጋል፤ አንድ ጊዜ የጠጣ ማሳም ሌሎቹ የመጀመሪያ ተራቸውን ሳያገኙ ሁለተኛ አይጠይቅም። በየመን በዋዲ ዘቢድ ደግሞ የላይኛው ከታችኛው ይቀድማል የሚለው ደንብ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን፣ ታችኞቹ እንዳይጎዱ ወራቱ በላይኛው፣ በመካከለኛውና በታችኛው ክፍል ተደልድሏል። በፓኪስታን የባሉቺስታን ገበሬዎችም ከተራራ የሚወርደውን ድንገተኛ ጎርፍ በአፈር ግድብ እያቆሙ ከማሳ ወደ ማሳ ያስተላልፋሉ። አገሩ ይለያይ እንጂ በየስፍራው የተጻፈውም ያልተጻፈውም ደንብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ባለፈው ጎርፍ ውሃው የት ማሳ ላይ እንዳቆመ የሚያውቅና የሚታመን ሰው መኖሩን ነው።

በራያም ይህ ሰው አለ። ብዙ ስፍራ የውሃ አባት ይሉታል፤ በአንዳንድ የራያ ሰፈሮች አቦ ገረብ የሚለው ስያሜ ይታወቃል። አቦ ገረብ የሚለው ስም በራያና በአፋር መካከል በግጦሽና በደም ጉዳይ ለሚያስታርቁ ሽማግሌዎችም የሚውል መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስልም፤ ወንዝን ማካፈልና ሰውን ማስታረቅ በዚህ አገር የማይለያዩ ሥራዎች ናቸው። የውሃ አባቱ ጉንዱ የሚሠራበትን ቀን ይቆርጣል፣ ሰው ይጠራል፣ የቀረውን ይቀጣል፣ ጎርፉ ሲመጣ ማን እንደሚከፍትና ማን እንደሚዘጋ ይወስናል። ሥልጣኑ ሁሉ የተመሠረተው በትዝታውና በጨዋነቱ ላይ ነው። አንድ ክረምት ታሞ ቢተኛ ወይም ቢሞት ያለፈው ዓመት ተራ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። የአንድ ደብተር ዋጋ ግን ምንም ያህል አይደለም። በደብተሩ የጎርፉ ቀን፣ የቆየበት ሰዓት፣ የጠጡት ማሳዎችና ውሃው የቆመበት እርከን ቢመዘገብ፣ ማንበብ የሚችል ልጅ በየሰፈሩ አይጠፋምና የውሃ አባቱን ቃል ያጠናክረዋል እንጂ አይሽረውም።

ከተራው ቀጥሎ የሚያጨቃጭቀው የጉልበት መዋጮ ነው። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ጉንዱን ይጠርገዋል ወይም ይሰብረዋል፣ ቦዩንም በደለል ይሞላዋል። የጥገናው ሥራ በአባወራ ልክ የተመደበ ከሆነ ጉልበት የሌላት ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሽማግሌውና በሽተኛው ይቸገራሉ። ሩብ ሄክታር ያለውና አንድ ሄክታር ያለውም እኩል ቀን ሊሠሩ አይገባም። መሬቱን ለእኩል አራሽ የሰጠ ባለመሬት ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ባለመሬቱ አራሹ ይሂድ ይላል፣ አራሹ የቦዩ ሥራ የባለመሬቱ ነው ይላል፣ በመካከሉ የቦዩ አንድ ክፍል ሳይጠረግ ጎርፉ ይመጣል። መዋጮው በሚጠጣው መሬት ስፋት ተመድቦ፣ በእኩል የተያዘው ማሳ ግዴታ በማን ላይ እንደሆነ ገና ከመዘራቱ በፊት በማኅበሩ ፊት ቢነገር ይህ ሁሉ ቀድሞ ያልቃል። ጉልበት ለሌላቸውም በእህል ወይም ምግብ በማዘጋጀት የሚተኩበት ልማድ በብዙ ስፍራ ያለ በመሆኑ በደንብ ቢጻፍ እንግዳ ነገር አይሆንም።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው የቅርንጫፉ ጉዳይ ነው። ጉንዱ በተሰበረ ቁጥር ግራርና ቁጥቋጦ እየተቆረጠ ይጠገናል። በወንዙ ዳር ያለው ዛፍ በዚህ ዓይነት ሲመናመን የወንዙ ዳርቻ ራሱ እየተናደ ቦዩን ይዞ ይሄዳል። በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ግንብ፣ ማለት ጋቢዮን፣ ባለበት ስፍራ የቅርንጫፉ ፍጆታ ይቀንሳል። ሆኖም በሲሚንቶ የተሠራ ነገር ሁሉ ከባህላዊው ይበልጣል ማለት አይደለም። በራያ ሸለቆ ከተሠሩት ዘመናዊ የጎርፍ መጥለፊያዎች አንዳንዶቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በደለል ተሞልተዋል፣ የሌሎቹም በር በድንጋይና በግንድ ተዘግቷል። ምክንያቱ የተሰወረ አልነበረም። ጎርፉ አፈርና አሸዋ ተሸክሞ የሚመጣ ሲሆን፣ ንድፉ የተወሰደው ንጹሕ ውሃ ከሚፈስባቸው ወንዞች ነው። ከዚህም ሌላ ብዙ መግቢያ የነበራቸው ቦዮች ወደ አንድ በር ሲጠቃለሉ የነበረው የተራ ስምምነት ፈረሰ፣ በሩን የያዘው ሰፈርም ውሃውን ያዘ። ገበሬው ለጉንዱ መሥሪያ ያን ማዕዘን የመረጠው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለምና መሐንዲስ ሲመጣ የውሃ አባቱ አብሮ እንዲሄድ ማድረግ የማኅበሩ መሪዎች ፋንታ ነው።

የወሰን ጉዳይም አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራት ቢያንስ በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲቋቋሙ ሲያደርግ፣ ወሰኑ የተለካው በመሬት ስፋት ነበር። ውሃ ግን በዚያ ወሰን አይቆምም። የአንዱ ቦይ ራስ በአንድ ማኅበር፣ ጅራቱ በሌላ ማኅበር ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬም በቀበሌዎች መካከል ያለው ሁኔታ ይኸው ነው። የላይኛው ቀበሌ በታችኛው ሰው ላይ ሥልጣን የለውም፣ የታችኛውም የላይኛውን ሊቀጣ አይችልም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 የሚጠቅመው በዚህ ላይ ነው። በአዋጁ መሠረት ማኅበሩ የሚቋቋመው ውሃው በሚያገለግለው ክልል ሲሆን፣ በዚያ ክልል መሬት የያዘ ሁሉ አባል ይሆናል። ማኅበሩ ለትርፍ የሚሠራ አይደለም፤ ሥራው ውሃውን ማከፋፈል፣ ቦዩን መጠገንና ለዚሁ የሚሆን መዋጮ መሰብሰብ ነው። አንድ እናት ቦይ በሁለትና በሦስት ቀበሌ ቢያልፍም በአንድ ማኅበር ሥር ሊተዳደር ይችላል ማለት ነው።

በራያ ቆቦ ሜዳ አባወራዎችን የሚያያይዝ ሌላም መስመር አለ፤ እርሱም ከመሬት በታች የሚመጣው ነው። የሜዳው ከርሰ ምድር ውሃ ሀብት ከጥንት ጀምሮ የተጠረጠረ ነገር ሲሆን፣ በ1990ዎቹ ሥራ የጀመረው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፍሮ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚወጣውን ውሃ በቧንቧ ወደ ገበሬው ማሳ አድርሷል። በጠብታና በርጭት መስኖ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና በርበሬ ለገበያ ማምረት የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። በጎርፉ ቦይ የሚያያዙት እርከኖች ናቸው፤ በጉድጓዱ መስመር የሚያያዙት ቧንቧዎች ናቸው። ችግሩ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው።

ለምሳሌ በሴኮንድ 25 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ 1,440 ሜትር ኩብ ውሃ ያወጣል። አንድ ሄክታር አትክልት በሞቃት ወቅት በቀን 60 ሜትር ኩብ ይፈልጋል ብንል ጉድጓዱ 24 ሄክታር፣ ማለት ሩብ ሩብ ሄክታር ለያዙ 96 አባወራዎች ይበቃል። መብራቱ ግን 8 ሰዓት ብቻ ቢመጣ መሬቱ በግማሽ ይቀንሳል። ተራው በሳምንቱ ቀን የተመደበ ከሆነ ማክሰኞ መብራት ሲጠፋ የማክሰኞ ባለተራዎች ብቻ ይጎዳሉ፣ ረቡዕ ሌሎች ይቀጥላሉ። ሽንኩርት ደግሞ ሳምንት አይታገሥም። ተራው በቀን መሆኑ ቀርቶ ፓምፑ በሠራበት ሰዓት ቢቆጠር፣ መብራቱ የጠፋበት ጊዜ ለሁሉም እኩል ይካፈላል፤ መብራቱ ሲመለስም ውሃው ካቆመበት ማሳ ይቀጥላል። በጎርፉ ላይ አባቶች የሚያውቁትን ደንብ በፓምፑ ላይ መድገም ማለት ነው።

በጠብታ መስኖ ላይ ሌላ ነገር አለ። በአንድ መስመር ያሉት ሁሉ አንድ ግፊት ይጋራሉ። አንዱ አባወራ ውሃ አነሰኝ ብሎ ጎማውን ቢበሳ ወይም ጫፉን ቢከፍት የሁሉም ግፊት ይወድቃል፣ የመጨረሻው ማሳ ይደርቃል። ማጣሪያው በየጊዜው ካልታጠበም የጠብታ ቀዳዳዎቹ በደለልና በጨው ይደፈናሉ፤ ይህም ሥራ የሁሉም በመሆኑ የማንም ሳይሆን ይቀራል። መለዋወጫው ከሩቅ የሚመጣና ውድ ነው። በዚህና በመሰለው ምክንያት በአንዳንድ ጉድጓዶች ገበሬው የጠብታውን ጎማ ትቶ ውሃውን በፈር ወደ ማልማት ተመልሷል። አንዳንድ ባለሙያ ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ሲቆጥረው ይሰማል፤ ፍርዱ የቸኮለ ነው። በፈር የሚፈስ ውሃ ለዓይን ይታያል፣ ማን እንደወሰደውም ይታወቃል። በጎማ ውስጥ ያለው ግን አይታይም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ ያጠራጥራል። ለየአራትና ለየአምስት አባወራው የግፊት መለኪያና የራሱ መዝጊያ ቢገጠም ጥርጣሬው ይቀንስ ነበር። ፈር የሚፈጀው ውሃ ከጠብታው የሚበልጥ መሆኑ ግን አይካድም፣ ከርሰ ምድሩም ማለቂያ የሌለው አይደለምና በየጉድጓዱ የውሃው ከፍታ በገመድ እየተለካ መመዝገብ ይኖርበታል።

ጦርነቱ ይህን ሁሉ አናግቶታል። ቆቦ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ከዚያም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የጦርነቱ ግንባር በሆነችበት ጊዜ የመስኖ ፓምፖችና የመብራት መስመሮች ጉዳት ደርሶባቸዋል። አንድ ትራንስፎርመር ሲጠፋ የሚቆመው አንድ ቤት አይደለም፣ በዚያ መስመር የተያያዘው ሁሉ ነው። በዚህ ሳቢያ የሚነሣ አንድ ሐሳብ አለ። ሁለት ጎረቤት ጉድጓዶች በመሬት ከፍታና በግፊት የሚቀራረቡ ከሆነ፣ ዋና ቧንቧዎቻቸው በመዝጊያ ተያይዘው የአንዱ ፓምፕ ሲበላሽ ሌላው ለተወሰነ ሰዓት ሊያጠጣ ይችላል። ለገበያ የሚሆን ሙሉ ምርት አይገኝበትም፤ ያለው ተክል እንዳይሞት ግን ያቆየዋል። ይህ እንዲሆን አስቀድሞ የሁለቱ ማኅበራት የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ የመብራቱን ሒሳብ ማን ይከፍላል? ስንት ሰዓት ይሰጣል? መዝጊያውን የሚይዘው ማን ነው? ፓምፑ በተቃጠለ ማግሥት የሚደረግ ድርድር ብዙውን ጊዜ በጭቅጭቅ ያልቃል።

የመብራት ክፍያውም ቢሆን በአባወራ ቁጥር እኩል ከመከፈል በወሰዱት ሰዓት ልክ ቢሆን ፍትሐዊ ይሆናል። ከዚያ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለፓምፕ መተኪያ በባንክ ሒሳብ የሚቀመጥበት ማኅበር ፓምፑ ሲቃጠል የመንግሥትን በጀት ዓመት መጠበቅ አይኖርበትም። የሒሳቡ መግለጫ በየሦስት ወሩ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ቢነበብ መልካም ነው። ያልተነበበ ሒሳብ ንጹሕ ቢሆንም ይታማል።

ለጊዜው ቅድሚያ የሚሰጠው የጎርፉ ሥራ ነው። የረጅም ጊዜ ማሽላ የሚዘሩ ገበሬዎች በሚያዝያና በግንቦት ማሳቸውን ሲያዘጋጁ የእናት ቦዩ ጠረጋ አብሮ መጀመር ይኖርበታል፣ ጉንዱም ከሰኔ አጋማሽ በፊት ቢቆም ይመረጣል። በዚሁ ስብሰባ ላይ የአምናው የመጨረሻ ጎርፍ የት እርከን ላይ እንደቆመ የውሃ አባቱ በሕዝቡ ፊት ይናገር፤ ቀጥሎ የሚጠጣው ማሳ የማን እንደሆነም በደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ።